ከምርመራ ክፍል እስከ ችሎት፦ የምስጢሩ ወሰን

አንደኛ አቅራቢ፦ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባት በአቡ ዳቢ ወይም በአል አይን የምትታከም ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ የሕክምና መዝገቧ የሚጠበቀው፣ በጤና ዘርፍ የመረጃ ቴክኖሎጂ አጠቃቀምን በሚደነግገው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የ2019 እ.ኤ.አ. ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 2 ሲሆን፣ ሕጉ መረጃው ያለ ታካሚዋ ፈቃድ እንዳይገለጽ ከመከልከሉም በላይ ከመጨረሻው ሕክምና ጀምሮ ቢያንስ ለ25 ዓመታት እንዲቀመጥ ያዛል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይሁንና እርስዎ የጠቀሱት ሕግ ራሱ የፍትሕ አካል ሲጠይቅ መዝገቡ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ የአገሪቱ የ2021 እ.ኤ.አ. የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም በጸጥታና በፍትሕ አካላት እጅ ያለውን የግል መረጃ አይመለከትም።

አንደኛ አቅራቢ፦ ምስጢራዊነት፣ ማለትም መረጃው ለማን፣ ለምን ዓላማና በምን መጠን እንደሚደርስ የሚወስነው ግዴታ፣ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው፤ በካናዳ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተበዳይዋ የሥነ ልቦና ምክር መዝገብ፣ እርሷ ካልፈቀደች በቀር፣ ለተከሳሽ የሚደርሰው ዳኛ መርምሮ ሲያዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በኤምሬትስ ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ግንኙነት ባል ወይም ሞግዚት አቤቱታ ሲያቀርብ የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ በመዝገቡ የሚሰፍረው ቃል ይመዝናል፤ ከሁሉም የከፋው ግን፣ መዝገቡ ተቆልፎ ሳለ፣ አስተርጓሚ ሆኖ የገባው የአሠሪዋ ሰው ሲሆን ነው።