የሚያስተምር ራሱም ይማራል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ላይ የሸራ ጀልባ መንዳት የተማሩ ልጆች አሉን። በትምህርት ቤት ዕረፍት በወጣቶች ካምፕ ታናናሾችን እንዲያስተምሩ ሲጠየቁ፣ አንዳንድ ወላጆች «ጊዜያቸው ይባክናል፤ ለውድድር ቢለማመዱ ይሻላል» ይላሉ። እኛ ግን አይባክንም እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1947 በፍሎሪዳ የተነደፈችው የልጆች ጀልባ ኦፕቲሚስት ርዝመቷ 2.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጀማሪው እዚያ ላይ ሆኖ «ነፋሱ ከፊት እየመጣ እንዴት ወደፊት እንሄዳለን?» ብሎ ይጠይቃል። ታላቁ ልጅ ሥራውን እጁ ለምዶታል፤ ምክንያቱን የሚያስብበት ግን ያን ጊዜ ነው። ጀልባዋ በቀጥታ ወደ ነፋሱ አትሄድም፤ 45 ዲግሪ ያህል ገደድ እያለች፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ትመላለሳለች እንጂ። ነፋሱ በሸራው ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይገፋታል፤ ከሆዷ ወደ ውሃው የሚወርደው ሳንቃ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ሲይዛት ወደ ፊት ትሄዳለች። ይህን በቃሉ ማስረዳት የቻለ ልጅ፣ በውድድር ቀን ጀልባው ቢዘገይበት ምክንያቱን ፈልጎ ያገኛል።

ደግሞም ተወዳዳሪ የራሱን ሸራ ነው የሚያየው። አስተማሪ ግን የብዙ ልጆች ጠባቂ ነው፤ ውሃውን እያጠቆረ የሚመጣውን ብርቱ ነፋስ ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ማየት አለበት። ጀልባ ቢገለበጥ የደነገጠውን ማረጋጋትም የሱ ፈንታ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤትም እኮ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ፊደል ሲያስቆጥር የራሱን ያጠና ነበር። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ ተጠይቆ መመለስም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ፍቀዱላቸው። ወጣቶችም ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።