ኪሴ ውስጥ የቀለጠው ቸኮሌት

(ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤች አይ ቪ ክበብ አባላትና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የክበባችሁ ጸሐፊ ስትጋብዘኝ «ምን ላውራላችሁ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «የታመመ ጓደኛ ልንጠይቅ አስበናል። እርስዎ ኬክ ቤት ስለሚሠሩ ጥሩ ቸኮሌት እንዴት እንደሚመረጥ ይንገሩን» አለችኝ። «ቸኮሌትና ኤች አይ ቪ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔን ግን አገናኝተውኛል። ስለዚህ አስቀድሜ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እንደ እናንተው የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነኝ። ኤች አይ ቪ የሚተላለፍባቸውንና የማይተላለፍባቸውን መንገዶች በሰልፍ ሰዓት በማይክሮፎን በቃሌ እወጣቸው ነበር። በክበቡ ድራማ ላይም ሕመምተኛ የምታገለውን ጎረቤት ሆኜ ተጫውቼ፣ ተማሪው ሁሉ አጨብጭቦልኛል።

አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን እሷው ፈቅዳልኛለች። በዚያ ዓመት እየከሳች፣ ከትምህርት ቤት እየቀረች መጣች። በመጨረሻ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኛች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ግቢውን አዳረሰው። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ መኖሩን ከራሷ አፍ የሰማሁት ግን በኋላ ነው። እንዴት ያዛት ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ የእኔም ሥራ አልነበረም።

ስምንት ሆነን ልንጠይቃት ተነሣን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? አምስት አምስት ብር አዋጣንና 40 ብር ሞላን። ብርቱካንና ሙዝ ሁሉም ሰው ይዞ ይሄዳል፤ እኛ ለየት ያለ ነገር ፈለግን። ሱቅ ገብተን በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ለውዝ የሞላበት የውጭ አገር ቸኮሌት ገዛን። የመረጥነው በውድነቱና በወረቀቱ ማማር ነው። «ምን መብላት ትችላለች?» ብሎ የጠየቀ ከስምንታችን አንድም አልነበረም።

ሆስፒታል ስንደርስ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። «እግዜር ይማርሽ» አልናት። ቸኮሌቱን ስታይ ፊቷ በራ። ግን አፏ ውስጡ ቆስሎ ነበር፤ ለስላሳ ነገር እንኳ በግድ ነው የምትውጠው። ለውዝ ያለበትን ደረቅ ነገር እንዴት ታኝከው? እንዳናፍር ብላ ይመስለኛል፣ በቀጭን ጣቶቿ ቆራርሳ ለእያንዳንዳችን አደለችን። «እኔ ማኘክ አልቻልኩም፤ እናንተ ብሉልኝና ጣዕሙን ንገሩኝ» አለች።

ጓደኞቼ በሉ። እኔ «እንቺ» ብላ የሰጠችኝን ተቀበልኩና «ኋላ እበላዋለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

አየችኝ። ምንም አላለችም።

ቤት ስደርስ ቸኮሌቱ ቀልጦ የዩኒፎርሜን ኪስ በስብሶ ወጥቷል። እናቴ አጥባው አጥባው ቡናማው ምልክት አለቀቀም። አያችሁ፣ ምግብ አብሮ በመብላት ኤች አይ ቪ እንደማይተላለፍ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። አፌ ያወቀውን ግን እጄ አላወቀውም። ከዚያ ወዲያ እሷን ማየት አፈርኩና ሁለተኛ ሄጄ አልጠየቅኳትም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ ጠየቃችሁኝ ጉዳይ ልግባ። ለታመመ ጓደኛ ቸኮሌት እንዴት ይመረጣል?

አንደኛ፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። አስታማሚዋን ወይም ነርሷን «ቸኮሌት ይፈቀድላታል ወይ?» በሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙ የሚለውን መከተል አለበት። ኩላሊቱን ለታመመ ሰው ቸኮሌት፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላለው ላይስማማው ይችላል። አፉ ለቆሰለ ለውዝ ያለበት አይሆንም፤ ለውዝ የማይስማማው ሰውም አለ። ለሚያቅለሸልሸው ሰው ሽታው ራሱ ሊከብደው ይችላል። ካልተፈቀደ ተዉት፤ የሚሆነውን ነገር ይነግሯችኋል።

ሁለተኛ፣ ሃይማኖቷን አስቡ። ጾመኛ ከሆነች የወተት ቸኮሌትም ነጩም አይሆንም፤ ሁለቱም ወተት አለባቸው። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ግን ይሆናል። በውስጣቸው የአልኮል መጠጥ የተሞላ ቸኮሌቶችም አሉ። እነዚህ አልኮል ለማይጠጣ ሰው፣ መድኃኒት ላይ ላለ ሰውም ሆነ ለእናንተ ዕድሜ አይሆኑም።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ። ካካዎ የሚባለው ዛፍ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሞቃት ክፍል ነው። ዛሬ ከዓለም ምርት ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። ፍሬው ይብላላል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ከዚያም ይፈጫል። የራሱ ቅባት አለው፤ ማሸጊያው ላይ ‹ኮኮዋ በተር› ተብሎ ይጻፋል። ጥሩ ቸኮሌት የሚሠራው በዚህ ቅባት ነው። በእሱ ፈንታ ‹ቬጀታብል ፋት› ወይም ፓልም ዘይት በብዛት ከገባበት፣ የምትገዙት ቸኮሌት መሰል ጣፋጭ ነው። ከተዘረዘሩት ነገሮች መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ስኳር ቀድሞ ከመጣ ከተዘረዘሩት ሁሉ የሚበዛው ስኳር ነው ማለት ነው። 70 በመቶ የሚል ካያችሁ ከካካዎው ፍሬ የመጣው 70 እጁ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ምሬቱም ይጨምራል። ያልለመደ ሕመምተኛ አይወደውምና «ውድ ነው» ብላችሁ 85 በመቶ አትውሰዱለት።

አራተኛ፣ አቀማመጡን እዩ። የካካዎ ቅባት የሚቀልጠው ወደ 34 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የሰውነታችን ሙቀት ደግሞ 37 ነው። አፍ ውስጥ የሚሟሟው ለዚህ ነው፤ የእኔም ኪስ ውስጥ የቀለጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረውን አትግዙ። ጥሩው ያብረቀርቃል፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ላዩ ላይ ነጣ ያለ ብናኝ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ እንደገና የረጋ ነው። ጉዳት ባይኖረውም ጣዕሙ ተበላሽቷል። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

አምስተኛ፣ ትንሽ ይብቃችሁ። ትልቅ ካርቶን የታመመ ሰው አይጨርሰውም። በየፍሬው የተጠቀለለ፣ ስትፈልግ አንድ የምታነሣው ይሻላል። አፏን ለሚያማት፣ ሐኪም ከፈቀደ፣ ጥቂቱን ለብ ባለ ወተት አቅልጦ ማጠጣት ይቻላል። ማታ ማታ ግን አይሁን፤ ቸኮሌት ትንሽ ካፌይን ስላለው እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ደግሞም ቸኮሌት ደስታ እንጂ መድኃኒት አይደለም። የምግብንም የመድኃኒትንም ቦታ አይተካም።

ስድስተኛው ከሱቅ አይገዛም። እናንተው ሂዱ። ጉንፋን ከያዛችሁ እስኪሻላችሁ ቆዩ፤ ስትገቡ እጃችሁን ታጠቡ፤ ብዙ አትቆዩ። «ምንድን ነው ያመመሽ?» ብላችሁ አትመርምሩ። ራሷ ከነገረቻችሁም እዚያው ይቅር፤ ወሬ ይዛችሁ አትውጡ። ከያዛችሁት ቆርሳ ብትሰጣችሁ ደግሞ ብሉ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እሷም ከሆስፒታል ስትወጣ መድኃኒቱን ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ከእኔ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ቀርታ። በሩቁ ሰላም እንባባል ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። የቸኮሌት ሥራ ለምጄ፣ በእጄ የሠራሁትን ለስላሳ ቸኮሌት ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ስለዚያች ቀን አነሣሁባት።

«እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ» አለችኝ። «እሱንስ ፈርታ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ግን ትመጫለሽ ብዬ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።»

ምን ልበላችሁ? መልስ አልነበረኝም። ያመጣሁትን ከፈተች፣ ከመሀል ቆረሰችና ግማሹን ሰጠችኝ። እዚያው ፊቷ በላሁት።

ዛሬ ጤነኛ ናት፤ ሠራተኛ ናት፤ የልጆች እናት ናት። ልጆቿም ከቫይረሱ ነፃ ናቸው። በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንድ ክኒን ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ዋናዎቹ መተላለፊያ መንገዶች ጥንቃቄ የጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በቫይረሱ የተበከለ ደምና ስለታም ነገር፣ እንዲሁም አስፈላጊው ሕክምና ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ ናቸው። በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ይህን እናንተም እንደኔ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ እጃችሁም እንዲያውቀው ነው።

እንግዲህ ጓደኛችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ ጠይቃችሁ ምረጡ፣ አንብባችሁ ግዙ፣ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በማግስቱም ባዶ እጃችሁን ቢሆን እንኳ ተመልሳችሁ ሂዱ። በር በሩን የምታይ ልጅ ትኖራለች።