የአሥራ አንድ እንጨት ሂሳብ

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጃፓን ሥልጠና ከተመለስኩ ወዲህ “ሂሳብ ሠራተኛችን ኦሳካ በውድ ምግብ ቤት ስትዝናና ነበር” የሚል ወሬ ደርሶኛል። ፎቶውን የላክሁት እኔው ስለሆንኩ በማንም አልፈርድም። በልቻለሁ። የከፈልኩት ከውሎ አበሌ ነው፤ ከማኅበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አልወጣም። የእናንተን ገንዘብ የምይዝ ሰው ግን ይህን ብቻ ብላ መቀመጥ የለባትም።

ምግቡ ኩሺካትሱ ይባላል፤ ከፍ ያሉት ቤቶች ኩሺአጌ ይሉታል። ሥጋው፣ ዓሣው፣ አትክልቱ በቀጭን እንጨት ይሰካና ሊጥና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በዘይት ይጠበሳል። ሥሩ የሠራተኛ ምግብ ነው። ሺንሴካይ በተባለው ሰፈር እንደ ፈረንጆቹ በ1929 የተከፈተው ዳሩማ ዛሬም ይሠራል። በእነዚያ ቤቶች ማጥቀሻው የጋራ ስለነበር፣ አንዴ የነከሱትን መልሶ ማጥቀስ ክልክል ነበር።

እኔ የገባሁት ግን ሆዜንጂ በተባለው፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ካለ ትንሽ ቤት ነው። ተመጋቢው ከምድጃው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ምርጫ የለም፤ ሠሪው አስቀድሞ የማትበይውን ይጠይቅሻል። አሳማና ሽሪምፕ አልኩ። ዘይቱ ለሁሉም አንድ መሆኑን ያሰብኩት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ። ቀኑ ሐሙስ መሆኑ በጀ፣ ሊጡ እንቁላል አለበት።

ከዚያ አንድ በአንድ ይመጣል፦ የበሬ ሥጋ፣ የሎተስ ሥር፣ እንጉዳይ፣ አስፓራገስ፣ የድርጭት እንቁላል። ሰውየው የእንጨቱን ጫፍ ወደ ጨው ወይም ወደ ሌላው ማጥቀሻ አዙሮ ያስቀምጥልሻል፤ በዚህ ብዪው ማለቱ ነው። ዘይት አፍ ላይ አይቀርም። ጥሬ ጎመን በመሃል በመሃል ትቆረጥሚያለሽ።

ችግሩ ማቆሚያው ነው። “ስቶፕ” እስክትይ ድረስ መጥበሱን አያቆምም። የአንዱ እንጨት ዋጋ የትም አልተጻፈም። እኔ በልቤ እየደመርኩ፣ አሥራ አንደኛው ላይ በይሉኝታ “ስቶፕ” አልኩ። እንደ አገራችን “በሞቴ፣ አንዲት ብቻ” የሚል መስሎኝ ነበር። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ሻይ አቀረበልኝ። አልጠገብኩም ነበር፤ ግን ቃሌ ቃል ሆኖ ተወሰደ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት ሃያኛውን አልፈው ገና ይበላሉ።

የበላሽበት እንጨት ከፊትሽ ባለ ዕቃ ውስጥ ይቆማል፤ ሂሳቡ ከእሱ ይቆጠራል። እኔም ቆጠርኩ። 7,500 የን፣ ከ10 በመቶ ግብር ጋር 8,250። ጉርሻ አይሰጥም፣ ትተሽ ብትወጪም ተከትለው ይመልሱልሻል።

በዚህ ገንዘብ ለልጄ ጫማ ይዤ እመጣ ነበር፤ እናቴም ይህንኑ ብላኛለች። አልተጸጸትኩም። በቤታችን የመጨረሻው እንጀራ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ቀድሞ ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ እየተጠበሰ የቀረበልኝ ራት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደረሰኙ ቢሮ አለ። በጃፓንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።