በኬሚካል የተቃጠለ እግር
(በሰፈራችን ማኅበር አዳራሽ ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



በከተማችን በባሕር ዳር ጋራዥ ባለበት ሁሉ የባትሪ አሲድ አለ። ሳሙና የሚሠራም ኮስቲክ ሶዳ ይነካል። ጫማ ውስጥ የገባ ኬሚካል እንደ እሳት ቶሎ አይጠፋም፤ እስኪታጠብ ድረስ ሥጋውን እየበላ ይወርዳል። ኮስቲክ ሶዳ እንዲያውም መጀመሪያ ብዙ ላያም ይችላል፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ጫማና ካልሲ ወዲያው ይውለቅ። ዱቄት ከሆነ ይራገፍ፤ ከዚያ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታጠብ። ቅቤ፣ እበት፣ ሎሚ አይነካው! መኪና የሚፈልገው ይፈልግ፣ ማጠቡ ግን አይቋረጥ። ከዚያ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነው።

ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ አንሥቶ ከጭን ስስ ቆዳ ይተክላል። ጅማት ወይም አጥንት ከተገለጠ ግን ስስ ቆዳ ደም ስለማያገኝ አይይዝም። ያን ጊዜ ከባት ላይ ቆዳው ከነደም ሥሩ ተነሥቶ ወደ ተረከዝ ይዞራል። ረቂቅ ሥራ ነው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ መቀደድም ሊኖር ይችላል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና የታወቀ ነው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላስ? የተተከለው ቆዳ እንደ ድሮው አይሰማም። ጠጠር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው ባለቤቱ ላያውቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ይህን ከሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር ያውቀዋል። እንግዲህ ለስላሳና ሰፊ ጫማ ይግዙለት፤ ማታ ማታም ከቤተሰቡ አንዱ ውስጥ እግሩን በመብራት ይይለት።