አዲስ ሞተር በአሮጌ መኪና፦ ስለ ጉልበትና ስለ ፍሬን



የዛሬው ንግግሬ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ገንዳ ተገጥሞለት መኪናም ቤትም ስለሆነ አንድ የቆየ ተሽከርካሪ ነው። ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበውን ሦስተኛውን ትውልድ የቮልስዋገን ኮምቢ ነው። ከኋላው የተቀመጠው በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ 2 ሊትር ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የዚህ መኪና ባለቤቶች ዘወትር የሚያነሡት አቤቱታ አንድ ነው፤ «ዳገት አይወጣልኝም፤ ሞተሩን ልቀይረው» ይላሉ። አቤቱታው እውነት መሆኑን በመጀመሪያ በስሌት እንመርምር።

መኪናው ከነጓዙና ከነተሳፋሪው 2,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚነሣ ዳገት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 39 የፈረስ ጉልበት ያህል ይጠይቃል። የአየርና የጎማ ተቃውሞ ሲታከልበት ጎማው ላይ መድረስ ያለበት ጉልበት ወደ 60 ይጠጋል። ካምቢዮው የሚያባክነው ሲቀነስ ከ70ው የሚተርፍ የለም። ይህም በባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ፣ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ አቤቱታው መሠረት አለው።

ብዙዎች የሚመርጡት መፍትሔ የሱባሩን ባለ 2.2 ሊትር ሞተር መግጠም ነው። እርሱም እንደ ቀድሞው ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ስለሆነ በጠባቡ የሞተር ክፍል ይገባል፤ ጉልበቱም 130 ገደማ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ብቻውን አይመጣም። በውኃ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ከፊት ራዲያተር፣ ከወለሉ ሥርም ረጃጅም የውኃ ቱቦዎች ይፈልጋል። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው አስማሚ ሰሌዳ፣ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያና የራሱ የሽቦ መረብ ያስፈልገዋል። የዘይት መያዣው ወደ ታች ስለሚረዝም ካላጠሩት ድንጋይ ይመታዋል። ካምቢዮውም ከተሠራለት በላይ ጉልበት ይሸከማል።

እዚህ ላይ ዋናውን ሐሳቤን ልናገር። ሞተር መቀየር የመኪናውን ድካም አያስወግድም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ። ጥያቄያችን መሆን ያለበት «ቀጥሎ የሚሸነፈው የትኛው ክፍል ነው?» የሚለው ነው።

የመጨረሻው ተሸናፊ ፍሬን እንዳይሆን እፈራለሁ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዘውን ይህን መኪና ለማቆም ፍሬኑ 540 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ፍጥነቱ 110 ሲደርስ ይህ መጠን ከ1,000 ያልፋል። ፍጥነቱ ከግማሽ ባነሰ ሲጨምር ሙቀቱ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው። ዳገት ያላወጣ ሞተር ሰውን ያዘገየዋል፤ ቁልቁለት ላይ ያልያዘ ፍሬን ግን ይገድለዋል።

ስለዚህ የተለመደው ቅደም ተከተል ይገልበጥ እላለሁ። መጀመሪያ ፍሬኑና ጎማው፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያ ካምቢዮው፣ በመጨረሻ ሞተሩ። ሕግም ቸል አይባልም፤ በጀርመን ለምሳሌ እንዲህ ያለ ለውጥ በባለሙያ ተመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

አሮጌው ሞተር ገና ጤነኛ ከሆነ ደግሞ አንድ ሌላ ስሌት አለ። ያንኑ ዳገት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውጣት ጎማው ላይ 42 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃል፤ ይህን ደግሞ አሮጌው ሞተር ከነድካሙ ይችለዋል። ዳገቱ 10 ኪሎ ሜትር ቢረዝም የምንዘገየው ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ሞተሩ የሞተበት ወይም መለዋወጫ ያጣ ሰው በሚገባ ይቀይር፤ አልነቅፈውም። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ሲል መኪናውን የሚፈታ ግን መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት እርሳስ ያንሣ።