ሳይጠራ የመጣ እንግዳ፤ ስለ እምቦጭ አረም የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ አበባ ነው። መልኩ ሐምራዊ፥ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሲሆን፥ ከሩቅ ላየው ሰው ለሠርግ ቤት ጌጥ የተዘጋጀ ይመስላል። ወደ ብዙ አገር ያደረሰውም ይኸው ውበቱ ነው። የትውልድ ስፍራው በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን አበባ ወዳዶች ለኩሬያችን ጌጥ ይሁነን እያሉ ከአገር ወደ አገር ወሰዱት። እኛ እምቦጭ እንለዋለን። በአገራችን መኖሩ የታወቀው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1965 በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ በጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው ደግሞ በ2011 ነው።

በተወለደበት አገር እምቦጭ ልኩን የሚያውቅ ተክል ነው። ቅጠሉን የሚበሉ ጥንዚዛዎችና የሚያደርቁት በሽታዎች በዚያ አብረውት ስለሚኖሩ ከመጠን እንዳያልፍ ያግዱታል። ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ግን እርሱ ብቻውን ይሄዳል እንጂ ጠላቶቹ አይከተሉትም። ወራሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አረሙ የሚባዛው በሁለት መንገድ ነው። ከእናቲቱ ጎን ቀጭን ሐረግ ይወጣና በጫፉ ላይ ልጅ ይበቅላል፤ ሐረጉ ሲበጠስ ልጅቱ በነፋስና በማዕበል ተነድታ ሌላ ዳርቻ ላይ ትሰፍራለች። ሙቀቱና ምግቡ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ወደ ጭቃው ሰጥሞ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሕይወቱን ሳያጣ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ይህን ያህል ሄክታር አጸዳን ብሎ በሪፖርት መጻፍ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፥ ሥራው አለቀ ማለት እንዳልሆነ እናንተ ሪፖርት ጽፋችሁ የምታውቁ ሁሉ አትስቱትም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ መሣሪያ ልከዋል። ነገር ግን የተነቀለው አረም በውሃው ዳር ተከምሮ ከቀረ፥ ክረምት ሲገባና ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይንሳፈፋል።

ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። በላዩ እምቦጭ እንደ ስጋጃ ሲነጠፍበት ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም፤ በውሃው ውስጥ ያለው ለመተንፈሻ የሚሆን አየርም ያንሳል። በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የባርበስ ወገን ዓሣዎች አሉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አረሙ በብዛት የተነጠፈውም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፥ በእነዚሁ ወንዞች አካባቢ ነው። የዓሣ አጥማጁ መረብ ይቀደዳል፤ የደንገል ታንኳው መንገድ ያጣል፤ የደምቢያና የፎገራ ከብት አርቢም የግጦሽ ዳርቻውን ተነጥቆ ይመለሳል።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተብሏል። በ1910 ሮበርት ብሩሳርድ የተባሉ የሉዊዚያና እንደራሴ፥ ከአፍሪካ ጉማሬ አስመጥተን አረሙን እናስበላው የሚል የሕግ ረቂቅ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቅርበው ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ጣና ጉማሬ ያለው ሐይቅ ነው፤ እምቦጭ ግን በዚያ ምክንያት አልተገታም። ይልቅስ በቪክቶሪያ ሐይቅ ከ1995 ወዲህ የተለቀቁት ትንንሽ ጥንዚዛዎች፥ ማለት የአረሙ የአገር ቤት ጠላቶች፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ለውጥ አሳይተዋል፤ የዚያን ጊዜው የአየር መዛባትም ረድቷቸዋል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ጥንዚዛ ቢመጣም ባይመጣም፥ አረሙን የሚያሰባው ከእርሻ በጎርፍ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ነው። ይህም የገበሬው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ የሚወርደው ቆሻሻ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይጠራቀማል፤ ግድቡንም እምቦጭ ሸፍኖት ታይቷል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል።