ባዮጋዝ ሲበላሽ ይጠገን ወይስ ይተካ

በቤት ውስጥ የሚያገለግል የጋዝ መሣሪያ ሲበላሽ መጠገን ይሻላል ወይስ በአዲስ መተካት የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ ከተሞች በአብዛኛው የሚነሣው ቤትና ውሃ በሚያሞቅ የጋዝ ቦይለር ላይ ሲሆን፣ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ ወደ ጣና በሚዘረጋው በደምቢያ ሜዳ፣ በኮላ ድባ ዙሪያ ላለ ገበሬ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የባዮጋዝ ጉዳይ ነው። ባዮጋዝ ማለት እበትና ውሃ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣ፣ የሚበዛው ሚቴን የሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል ሲጀመር፣ ከኔፓል ተወስዶ ከአገሩ ሁኔታ ጋር የተጣጣመውን ስንዱ የተባለ ንድፍ መረጠ፤ በመጀመሪያው ምዕራፍም 14,000 የባዮጋዝ ማብላያ ለመገንባት ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት በላይ ተገነቡ። ከተገነቡት ጥቂት የማይባሉት ሥራ አቁመዋል። የሚያስቆጨው ደግሞ ምድጃው እምቢ ባለ ቁጥር ጉድጓዱ ሁሉ እንደ ሞተ መቆጠሩና የቤቱ እመቤት ወደ ኩበትና ወደ ጢስ መመለሷ ነው፤ የስንዱ ዋና ወጪ ያለው ከመሬት በታች ነውና። ማብላያው ጉድጓድና በላዩ የተደፋው የኮንክሪት ጉልላት በደንብ ከተሠሩ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሲያገለግሉ፣ ቶሎ የሚያረጁት ቫልቩ፣ ቱቦውና የምድጃው ራስ ናቸው።

ስለዚህ ውሳኔው መጀመር ያለበት ከጉልላቱ ምርመራ ነው። በጉልላቱ አናት ያለው ዋና ቫልቭ ማታ ይዘጋና፣ በመውጫው ገንዳ ግድግዳ ላይ ዝቃጩ፣ ማለትም ተብላልቶ ጋዙን የሰጠው ፈሳሽ እበት፣ የደረሰበት ቦታ በከሰል ይሰመርበታል። ጠዋት ዝቃጩ ከመስመሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ በሌሊት የተጠራቀመው ጋዝ ገፍቶት ነውና ጉልላቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው ከቫልቩ ወዲህ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባና አረፋው የሚነፋበት ቦታ ይጠበቃል፤ ነበልባሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ በቱቦው ውሃ ስለተኛ ውሃውን ማፍሰስ ብቻ ይበቃል። ለዚህ ሁሉ አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር ያለ አግባብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ዝቃጩ ከፍ ካላለም ጉልላቱን ከመኮነን በፊት፣ ጉድጓዱ እኩል በእኩል የተቀላቀለ እበትና ውሃ በየቀኑ ሲያገኝ መክረሙ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ጋዝ ካልተጠራቀመ ጉልላቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ ክረምት የሚያብጠውና በጋ የሚሰነጣጠቀው የደምቢያ ዋልካ አፈር ግንብን ከጎን ስለሚገፋ፣ ይህ በዚያ አካባቢ በቸልታ የሚታይ ስጋት አይደለም። ቀጭን ስንጥቅ ከውስጥ በሲሚንቶ ልስን ይደፈናል፤ ግድግዳው ራሱ ከሰመጠ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ውስጥ ከገባ ግን መጠገኑ አያዋጣም፣ ከፍ ባለና ውሃ በማይተኛበት ቦታ አዲስ መሥራት ይገባል። በማንኛውም ሁኔታ ሳይጸዳና አየር በሚገባ ሳይዘዋወርበት ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ መውረድ የለበትም፤ ውስጡ የቀረው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ሌላው ውሳኔውን የሚወስነው ከግንቡ ውጭ ያለ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ቢያንስ 4 ከብት ላለው ቤት የታሰበ በመሆኑ፣ ከብቱ ከተሸጠ ወይም ውሃ ከሩቅ የምትቀዳው እናት ጉልበቷ ካለቀ፣ የትኛውም ጥገና ምድጃውን አያስነሣውም። በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ መሥራትና ቡና ማፍላት ቢቻልም እንጀራ መጋገር ስለሚከብድ፣ ለምጣዱ ሌላ መፍትሔ ማሰብም ግድ ነው። ያም ሆኖ ከብቱ ላለ ቤት ሚዛኑ ወደ ጥገናው ያጋድላል፤ ኩበት ሆኖ ይነድ የነበረው እበት ጋዙን ሰጥቶ ዝቃጩ ለማሳ ይተርፋልና።

የጉልላት ጥገና የሚመረጥበት ጊዜ ዝናቡ ካቆመና ዋልካው ከጠነከረ በኋላ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ እንደገና ተሞልቶ የሚነድ ጋዝ እስኪሰጥ ሳምንታት ይወስዳል፤ መብላላቱ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ሞቃቱ ደምቢያ ከብርዳማው የደጋ ከተማ ከደባርቅ ቀድሞ ምድጃውን ያቀጣጥላል።